«ምከሪልኝ» ለሚሉኝ ወላጆች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ካውንስለርን ጥሩ ምክር የሚሰጥ ሰው አድርጋችሁ ነው ያቀረባችሁት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው።

አንድ አባት የ12ኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መጡ። «እህቴ፣ ይቺን ልጅ ምከሪልኝ» አሉና ከጎኗ ቁጭ አሉ። እሷ የደብተሯን ጥግ እያጠፈች ትዘረጋለች። ምክር መች አጣች! ከአክስት፣ ከንስሐ አባት፣ ከጎረቤት ጠግባለች። አባትየው ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። (ይህን የምጽፈው ሁለቱንም አስፈቅጄ ነው።)

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማዳመጥ ብቻ ነበር ሥራዬ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሟገተው ለዚህ ነው። አማካሪው ሳይፈርድ ይቀበል፣ ከልቡ ይስማ፣ አያስመስል፤ ሰውየው መውጫውን ራሱ ያገኘዋል ይላል። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም በሚልበት ቤት ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። እኔንም ምላሴን ይበላኝ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ የዛሬን ጭንቀት ሥር በልጅነትና ራሳችን በማናውቀው የአእምሯችን ክፍል ይፈልጋል። ያ መንገድ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ለእኛ ቢሮ አይመችም።

በሦስተኛው ቀን ወደ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ መንገድ ዞርኩ። ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ውስጥ ድብርት የያዛቸውን ሰዎች ሲያክም፣ ሳይታሰቡ ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች ስሜታቸውን እንደሚጎትቱት አስተዋለ። ወረቀት ለሁለት ከፈልን። በግራ በኩል «ማትሪክ ከወደቅኩ አለቀልኝ» ብላ ጻፈች። በቀኝ በኩል ማስረጃውን እንድትጽፍ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ቆይታ የአክስቷን ልጅ ጻፈች፤ ወድቆ፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ፣ ዛሬ ኤሌክትሪሻን ነው። ከዚያ «አለቀልኝ» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «ይከብደኛል» ብላ ጻፈች። እኔ ብመክራት ኖሮ ይህቺን ቃል አላገኛትም ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ዚምባብዌን ይመልከት። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። አያቶቹ ምክር አያዥጎደጉዱም። የመጣው ሰው ከችግሮቹ አንዱን ራሱ ይመርጣል፣ መፍትሔውንም አብረው ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትጽፉ ካውንስለሩን «ምን መከርክ?» ሳይሆን «በየትኛው መንገድ ትሠራለህ?» ብላችሁ ጠይቁልን። ደግሞ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ስጡን። እኔ ቢሮ የምጋራው ከዩኒት ሊደሩ ጋር ነው። የሚቀጣው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ልቡን የሚከፍት ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የትምህርት ቤት ካውንስለር፣ ከአዲስ አበባ