አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለጥበብ ይፈቀድልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የማስተምረው የክወናና እይታ ጥበባት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ቴአትሩም፣ ውዝዋዜውም በዚህ ስም አንድ ላይ ገብቷል። ጋዜጣችሁ ስለ ፈተና ውጤት ደጋግሞ ይጽፋል። ስለዚያ ውጤት ከክፍሌ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር አለ። መጽሐፍ አለ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል አለ፣ መምህርም አለ። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲገባ ግን የኔ ፔሬድ ቀስ በቀስ ይጠፋል። መጀመሪያ የስድስተኛ ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ የስምንተኛ። «ሚኒስትሪ ደርሷል፣ መምህርት፣ ትንሽ ታገሽን፣ ለቲቶሪያል እንጠቀምበት» ይባላል። የሚሉኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከላይ የሚጠየቁት በቁጥር ነው፤ እነሱም ቁጥሩን ለማምጣት ይሮጣሉ።

ቁጥሩ ግን ምን ሲል ነበር? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። እኔ የደነገጥኩት የተሰጠው መልስ ተጨማሪ ቲቶሪያል ሲሆን ነው። እነዚያ ልጆች እኮ ከታች ጀምሮ ሲያጠኑ፣ ሲሸመድዱ፣ የአጋዥ መጽሐፍ ጥያቄ ሲሠሩ ነው ያደጉት። ያልሠራውን ነገር በእጥፍ ብንጨምረው ምን ያመጣል?

አንድ ቀን በአምስተኛ ክፍል ያየሁትን ልጻፍ።

ከልጆቼ አንዱ የሸማኔ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ነው ከሽሮ ሜዳ ወደዚህ የመጡት። ልጁ ዝምተኛ ነው። በሒሳብ ደካማ ከሚባሉት ውስጥ ተመድቧል፤ ክፍልፋይ ሲባል አንገቱን ይደፋል። አባቱን ለመንኳቸውና ጅምር ነጠላ ይዘው ክፍል መጡ። በጣም ተሳቀው ነበር። «እኔ እኮ አልተማርኩም» ብለው በር ላይ ቆሙ። ነጠላውን ዘርግተው ጥለት እንዴት እንደሚወጣ ማሳየት ሲጀምሩ ግን መሳቀቁ ሁሉ ጠፋ። ድሩን እየቆጠሩ ያነሳሉ፣ ባለቀለሙን ክር በመሀሉ ያሳልፋሉ፣ መልሰው ይቆጥራሉ። በአንዲት ክር ቢሳሳቱ ቅርጹ ይበላሻል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ባለ ካሬ ወረቀት አደልኳቸው። ጥለቱ ጎኑ ሃያ አራት ካሬ ይሁን፤ ሲሶው ቀይ፣ ሩቡ አረንጓዴ፣ የቀረው ቢጫ ይሁን፤ ግራና ቀኙም እንደ መስታወት ይመሳሰል አልኳቸው። ቀለም ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ። በበጀት የሚመጣ ቀለም የለም። ከግንባታ ቦታ ቀይ አፈር እናመጣለን፣ ከቤት እርድ፣ ከሰልና የቡና አተላ፤ አረንጓዴውን ከቅጠል እንጨምቃለን። መጀመሪያ የጨረሰው ያ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ቀዩ ስምንት፣ አረንጓዴው ስድስት፣ ቢጫው አሥር ነው» አለኝ። ቢጫው ከሙሉው ስንት እጅ ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። ካሬዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በጣቱ ከበባቸው። «አምስት ከአሥራ ሁለት።» ሲሶና ሩብ ደምሮ፣ ከአንድ ቀንሶ፣ አቃሎ ማለት ነው። ይኸው ጥያቄ ሰሌዳ ላይ በቁጥር ብቻ ቢጻፍለት እርሳሱን አያነሳም ነበር።

ስለዚህ «ሒሳብ የማይችል ልጅ ሥዕል ምን ያደርግለታል» ሲሉኝ መልሴ ይኸ ነው። ሥዕሉ ለሒሳቡ ማረፊያ ሰዓት አልነበረም። ሒሳቡ የገባው በሥዕሉ በኩል ነው። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ የሚበልጡ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ እንደዚያም ሆኖ ይቻላል። የማይቻለው በተቆራረጠ አርባ ደቂቃ፣ ያውም በሚወሰድ አርባ ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ሌሊት ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሀብታም አይደለችም። ልጇ ግን የምትማረው ትምህርቱ ሁሉ በጥበብ በኩል በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያ የለውም። ቻርተር ትምህርት ቤት ይሉታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ መንግሥት በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይሰጠዋል። ግን የራሱ ውል አለው። እንዴት እንደሚያስተምር ራሱ ይወስናል፣ በምላሹ ውጤቱን ያሳያል። በካሊፎርኒያ ውሉ መጀመሪያ ሲሰጥ ቢበዛ ለአምስት ዓመት ነው። ቃሉን ካልጠበቀ አይታደስለትም፤ ይዘጋል። አመልካች ከቦታው ከበለጠ ዕጣ ይወጣል። ስለ ዕጣ እኛን የኮንዶሚኒየም ሰዎች ማንም አያስረዳንም። አሜሪካ ውስጥ ይህን በሕግ የጀመረችው ሚኒሶታ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1991። ካሊፎርኒያ በዓመቱ ተከተለች።

የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የዋልዶርፍን መንገድ የሚከተል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል የማይቆራረጥ ዋና ትምህርት አላቸው። አንድ ርዕስ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ይዘው ይቆያሉ። የታተመ መጽሐፍ ላይ አይደገፉም፤ ልጆቹ የተማሩትን ራሳቸው ጽፈው፣ ሥለው፣ የራሳቸውን መጽሐፍ ያዘጋጃሉ። ገና ከመጀመሪያ ክፍል ሹራብ መሥራትና ዋሽንት መንፋት ይማራሉ። አንድ መምህር ከክፍሉ ጋር ለበርካታ ዓመታት አብሮ ያድጋል። የክልሉን የመንግሥት ፈተና ግን እንደማንኛውም የመንግሥት ተማሪ ይፈተናሉ። እህቴ የልጇን መጽሐፍ ገጽ በገጽ አንስታ በቴሌግራም ልካልኝ ነበር። ስለ ዕፀዋት የተማረችው ሁሉ በእጇ አለ። ሥሩን ሥላዋለች፣ ስሙን ጽፋለች፣ ከጎኑ ስንኝ አስፍራለች።

ይህ ትምህርት ሲጀመር ለማን እንደነበር ባውቅ ጊዜ በጣም ነው የነካኝ። እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከተማ የዋልዶርፍ አስቶሪያ የሲጋራ ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ኤሚል ሞልት ፈላስፋውን ሩዶልፍ ሽታይነርን ጠየቀውና ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ለወዛደር ልጅ የታሰበ ነገር ነው። በኋላ ግን በብዙ አገር ወላጅ ከፍሎ የሚያስገባው የግል ትምህርት ቤት ሆነ። የአሜሪካኖቹ ቻርተር ደግሞ እንደገና ነፃ አደረገው። እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። የፒያኖ ክፍልና የሥዕል ስቱዲዮ ያለው፣ ባነሩን መንገድ ላይ የሰቀለው፣ ውድ የሆነው የግል ትምህርት ቤት ነው። ጥበብ ለከፋይ፣ ቲቶሪያል ለደሃ። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንዳለ ይገልበጥ እያልኩ አይደለም። የሽታይነር መንፈሳዊ ፍልስፍና እዚያው ይቅር። ማንበብ ዘግይቶ ይጀመር የሚሉትንም አልቀበልም። የኛ ልጅ ቤቱ መጽሐፍ የለውም፤ ፊደሉን በጊዜ መያዝ አለበት። ቻርተርንም አሜሪካ ውስጥ የሚቃወሙ ብዙ ናቸው። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ተማሪና ገንዘብ ይወስዳል ይላሉ። መረጃ ያለው፣ መኪና ያለው ወላጅ ቀድሞ ይገባል ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ለዚህ ነው ትምህርት ቤቱ ቦሌ ሳይሆን እዚህ ዳር ላይ ይሁን የምለው። ዕጣውም መጀመሪያ በእግር ለሚደርሱ ልጆች ይውጣ።

ደግሞስ ይህ መንገድ ለኛ መቼ ባዳ ሆነ? አያቴ መሪጌታ ነበሩ። የዜማ ቤት ተማሪ ድጓውን ራሱ እየጻፈ ነበር የሚማረው። ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ብርዕ ይቀርጻል፤ የዜማውን ምልክት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ያሰፍራል። ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ በጆሮው ለይቶ፣ በጉሮሮው አውጥቶ፣ በመቋሚያና በጸናጽል በሰውነቱ ይዞት ነው የሚወጣው። አያቴ አርጅተው ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ከየትኛውም ቦታ ጀምሩ ቢባሉ ይቀጥሉ ነበር። ተማሪው ውሻ እየጮኸበት ቁራሽ እየለመነ መማሩን አልመኝም። አሁን የከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አላቸው፤ ተመስገን ነው። ሆዱ የጠገበ ልጅ፣ እጁና ጆሮው የሚሠራበት ትምህርት ቢያገኝ ነው የምለው። ክፍሌ ውስጥ የወሎ መንዙማ ከእናቱ የለመደ ልጅ አለ፣ የኦሮሞ ዘፈን የምታወጣ አለች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ አለ። ይህን ሁሉ ይዘው ነው በሩን የሚገቡት። እኛ ደብተር አውጡ እንላቸዋለን።

የምጠይቀው አንድ ትምህርት ቤት ነው። ከተማው በየዳሩ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች እየሠራ ነው፤ ከነሱ አንዱ ለሙከራ ይሰጠን። ክፍያ አይኑረው። ደንብ ልብሱም፣ ምገባውም እንደሌላው ይሁን። ጠዋቱ ሳይቆራረጥ ለአንድ ርዕስ ይለቀቅ። መምህሩ ክፍሉን ይዞ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ይሂድ። በየሠፈሩ ያሉ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ከበሮ የሚያበጁ ሰዎች በሰዓት ተከፍሏቸው ይግቡ፤ ነፃ አገልግሎት እየተባለ አይለመኑ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጹ ወጣቶች አውቃለሁ፤ እነሱም ይቀጠሩ። የስድስተኛ ክፍል ፈተናውን ልጆቹ ይፈተኑ። ውሉ የአምስት ዓመት ይሁን፤ ውጤቱ በየዓመቱ በር ላይ ይለጠፍ። ወላጅም መምህርም ያንብበው። ካልሠራ ወደ ተራው አሠራር ይመለስ፤ ሕንፃው የትም አይሄድ።

የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ ፈቃድ ነው። አፈሩም እርዱም እጃችን ላይ አለ። ዛሬ ግን አንድ ዳይሬክተር የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ልቀይር ቢል ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ ግልጽ አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣው የትምህርት ዕቅዱ በተሰጠው ፎርም መሞላቱን ለማየት ነው።

ሸማኔው አባት ባለፈው በር ላይ አገኙኝና «መቼ ነው ደግሜ የምመጣው?» አሉኝ። ፔሬዱ ለቲቶሪያል ተሰጥቷል ብዬ ነገርኳቸው። እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፤ እኔ የማልገባበት ቢሮ ትገባላችሁ። እባካችሁ ለከተማው ትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ አቅርቡልኝ፦ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጥበብ በኩል ላስተምር ብሎ ውል ቢያቀርብ፣ የሚቀበለውና የሚፈርምለት ማነው? መልሱን በጋዜጣችሁ አውጡልን። ውሉን የምንጽፍ መምህራን እዚህ አለን።

አንዲት መምህርት
ከየካ አባዶ፣ አዲስ አበባ