ሰላም ስለተሰማሽ ብቻ አትወስኚ

ለምወድሽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልታገቢው ስለምታስቢው ልጅ ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። «እማዬ፣ ስለ እሱ ስጸልይ ልቤ ሰላም ያገኛል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ማለት ነው» አልሽኝ። መጸለይሽ ደስ ብሎኛል። ልጁንም አልጠላሁትም። ግን ሰላም መሰማቱ ብቻውን አይበቃኝም።

እስቲ ዮናስን አስቢው። ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ በምትሄድ መርከብ ተሳፈረ። ማዕበሉ መርከቧን ሊሰብራት ደርሷል። መርከበኞቹ እየጮኹ ነው። እሱ ግን ከእግዚአብሔር እየሸሸ፣ ታች ወርዶ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጌታችንን ደግሞ በጌቴሴማኒ እዪው። የአባቱን ፈቃድ ሊፈጽም ነው የሄደው፤ ሆኖም «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ።

ስሜትሽን አፍኚው እያልኩሽ አይደለም። እንደዚያ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጌታችንም ጽዋው እንዲያልፍ የለመነው በግልጽ ነው። «አንተ እንደምትወድ ይሁን» ያለው ልቡ ያለውን ተናግሮ ነው። አንቺም እግዚአብሔርን «ይህን ሰው እወደዋለሁ፣ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ» በዪው። እምቢ ቢልሽም ለመስማት ግን ተዘጋጂ።

ሌላውን ነገር ደግሞ ዓይንሽን ገልጠሽ እዪ። ልጁ ሲናደድ እንዴት ነው? የተበደረውን ይመልሳል? እናቱን እንዴት ያናግራታል? ለንስሐ አባትሽስ ነግረሻቸዋል? ይህን ሁሉ ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ አትቸኩዪ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእህትሽ ነገር ነው። ስለ እሱ የማትወጂውን ስለነገረችሽ ይኸው ተኮራርፋችኋል። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል በዙሪያሽ ላሉት ሁሉ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላም ትያለሽ። እሷንስ? ስለ ልጁ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ገና እየጠየቅሽ ነው። ስለ እህትሽ ግን በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ተጽፎልሻል፤ መባሽን በመሠዊያው ፊት ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ ይላል። ደውዪላት። ንዴትሽ እስኪበርድ አትጠብቂ፤ ብዙ ጊዜ የሚበርደው ከደወሉ በኋላ ነው።

ለፋሲካ ስትመጪ ልጁንም ይዘሽው ነይ። አባትሽም እኔም ቁጭ ብለን ልናዋራው እንፈልጋለን።

የምትወድሽ እናትሽ