የእናቴ ቆዳ አይቀላም

ለአዘጋጁ፣

በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ስላለው የጤና ምዘና ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። «የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቆዳው ይቀላል፤ ካልቀላ ስጋት የለም» ትላላችሁ። የማን ቆዳ ነው የሚቀላው? አንባቢዎቻችሁ እኛ አይደለንም እንዴ?

ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ቦታው ከዙሪያው ይበልጥ ሊጠቁር ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል። አንዳንዴ ለዓይን ምንም ለውጥ የለውም። ስለዚህ መዳሰስ ያስፈልጋል። ጭራ አጥንቱ፣ ዳሌው፣ ተረከዙ አጠገቡ ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ ላልቷል? ሲነካ ያማል? ለዚህ መሣሪያ አይገዛም፤ እጅ ይበቃል።

እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ እዚሁ አዳማ አንድ መጦሪያ ቤት ናት። መናገር አትችልም። በጀርባዋ ሲያስተኟት ታቃስታለች። ስናገር ፎርሙን አውጥተው አሳዩኝ፦ «መቅላት፦ የለም»። ደግሜ ስጠይቅ ያንኑ ፎርም አሳዩኝ። ቁስሉ ሲከፈት ጥልቅ ነበር። ደህና በሚመስለው ቆዳ ሥር ሥጋው ሞቷል። በዚህ በአዳማ ሙቀት ላቡ ሲጨመርበት ደግሞ እንዴት እንደሚባባስ አስታሞ ያየ ያውቀዋል። ነርሷ ዋሽታለች አልልም። ያየችውን ነው የጻፈችው። ፎርሙ የጠየቃት ስለ ቀለም ብቻ ነው፣ ያውም የሌላ ሰው ቆዳ ቀለም። እናንተም ያንኑ ስህተት በጋዜጣ አተማችሁት።

የአሜሪካን ምዘና በአርአያነት አቅርባችኋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ አለ፤ ነዋሪው ቢያንስ በየ3 ወሩ ይመዘናል። ልክ ነው። ቅጹን የሚሞሉት ግን መጦሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ለምን ዘለላችሁት? ተመራማሪዎች ቅጾቹን ከሆስፒታል ክፍያ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ፣ ወድቀው ክፉኛ ከተጎዱት ውስጥ ቅጹ ላይ የሰፈሩት 57.5 በመቶው ብቻ ነበሩ። ነጭ ላልሆኑ ነዋሪዎች ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። እዚያም የሚረሳው የእኛው መልክ ያለው ሰው ነው።

እርማት አውጡ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ይሁን። «ካልቀላ ስጋት የለም» የሚለውን ሰርዙና «በእጃችሁ ዳስሱ» ብላችሁ ጻፉ። ዛሬም እናንተን አምኖ የእናቱን ጀርባ ሳይነካ ከመጦሪያ ቤት የሚወጣ ልጅ አለ።

የአንዲት የመጦሪያ ቤት ነዋሪ ልጅ
ከአዳማ