መስኮት መክፈት ከሲጋራ ጭስ አያድንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴ ብርዱ ሲጠና የየቡና ቤቱ በርና መስኮት ይዘጋል። ያኔ አንዱ ጥግ ይዞ ሲጋራ ከለኮሰ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮት አጨሰ ማለት ነው። አጫሹ «ጥግ ላይ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «መስኮት እከፍታለሁ» ይላል። ሁለቱም አያዋጣም።

መተርኮሻ ላይ የተቀመጠ ሲጋራን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጫፉ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ያለማቋረጥ ይወጣል። አጫሹ የሚስበው በፊልተር በኩል ነው፤ ከጫፉ የሚወጣው ግን ምንም ሳያጣራው ወደ ቤቱ አየር ይገባል። በዝግ ቤት ሌላው ሰው ከሚተነፍሰው የሲጋራ ጭስ አብዛኛው ይኸኛው ነው። ትምባሆው ሳይሳብ ሲቀር ሙቀቱ ስለሚቀንስ በደንብ አይቃጠልም፤ በዚህም ምክንያት ካርቦን ሞኖክሳይዱም ሆነ ካንሰር አምጪው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቀ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ጭሱ የሚሻማን ከዚያችው ላይ ነው። የልብ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ይህን ሊያቃልሉት አይገባም። (የቡናው ከሰልም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ጋዝ እንደሚጨምር አይዘንጋ።)

መስኮት ለምን አይበቃም? የጭሱ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ቬንትሌተር ደግሞ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሽታው ጠፋ ማለት ጭሱ ወጣ ማለት አይደለም። ሲጋራ በሚጨስበት ጫት ቤት ግድግዳውን እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሳልፉበት፤ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። መጋረጃውና ትራሱም እንዲሁ ናቸው፤ ሕፃን ልጅ የሚድኸውና እጁን አፉ የሚከተው በዚያ መሃል ነው።

ከአጫሽ ጋር የሚኖር ወይም የሚሠራ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ በሳንባ ካንሰር ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ የሳንባ ምች፣ የጆሮ ሕመምና አስም ይበረታባቸዋል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ዝግ ቦታ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ከልክሏል። ከነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት በ10 ሜትር ውስጥም አይፈቀድም። ሺሻም የተከለከለ ነው፤ ሲጋራ በፍሬ መሸጥና ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም እንዲሁ።

10 ሜትር 13 እርምጃ ገደማ ነው። በረንዳ ላይ ማጨስ የማይበቃው የሞቀው የቤት አየር ከላይ ሲወጣ ከደጅ ያለውን ቀዝቃዛ አየር በበሩ ስር ስለሚስብ ነው፤ ጭሱ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ባለ ሆቴሎችና ባለ ቡና ቤቶች፣ መተርኮሻውን ከጠረጴዛ አንሱ፤ ማጨሻውን በ13 እርምጃ ርቀት ከግቢው ዳር አድርጉት፤ ማስታወቂያውን ውስጥ ሳይሆን መግቢያው በር ላይ ለጥፉ። አስተናጋጆች ከደንበኛ ጋር እንዳይጋጩ የሚያግዛቸው ይኸው ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ የሚኒባስ ሾፌሮችም የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ እጃችሁን በመስኮት አውጥታችሁ ማጨሱ ተሳፋሪውን አያድንም። ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ኋላ ወንበር ይሰደዋል፤ ልጅ ያዘለች እናት ብዙውን ጊዜ የምትቀመጠው እዚያው ነው።

ለጤና ተቆጣጣሪዎች አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ጉብኝታችሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ በሩ ከተዘጋ ወዲያ አድርጉት።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከደሴ