ልጆቹ የሚሮጡበት መሬት ይኑራቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት ላይ ምዝገባ ሲጀመር ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብዙ ይጻፋል። መጻፉም ተገቢ ነው። ወላጆች ሲመዘግቡ ብዙም የማያነሱት አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚሮጡት የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ድሮ መኖሪያ ቤት የነበረ የኪራይ ግቢ ነው። ጓሮው ላይ ተጨማሪ ክፍሎች ተሠርተዋል። የቀረው ሴራሚክ ተነጥፎበታል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ መሮጥ ክልክል ነው። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ወለሉ ላይ በጠመኔ ማስመርም አይቻልም። የዘጠኝ ዓመት ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ብስኩታቸውን በልተው ይገባሉ። ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ለምን እንደሚያስቸግር መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይዘናቸው ሄድን። ከተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ያቆጠቆጠ ቅጠል አገኙ። ክብ ነው፣ አመድማ። ረጅሙ ዛፍ ላይ ያለው ደግሞ ቀጭን፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ። "ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው" ያሉና "አይ፣ አንድ ነው" ያሉ ተከራከሩ። መልሱን አልነገርኳቸውም። ሲፈልጉ ቆይተው ሁለቱንም ዓይነት ቅጠል የያዘ አንድ ለጋ ዛፍ አገኙ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያድግ መልኩን እንደሚቀይር እዚያው ገባቸው። ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ስዬ ባስተምር ኖሮ ከፈተና በኋላ የሚያስታውሰው አይኖርም ነበር።

ከዚያ ቦይ መዝለል ጀመሩ። አንዱ ዳር ላይ ቆመ፣ ስፋቱን አየ፣ ወደ ጠበበው በኩል ሄዶ ዘለለ። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ማንም ሳይነግረው አቅሙን ለካ። አንዷ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። በውሃ አጠብንላት፣ ተመልሳ ሮጠች። በማግስቱ ስለ ጉልበቷና ስለ ቆሸሸው ዩኒፎርም ቅሬታ መጣ። ጉብኝቱም በዚያው ቀረ።

ወላጅ ቢሰጋ አልፈርድበትም። የሰፈሩን መንገድ መኪና ሞልቶታል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢም ፓርኪንግ ሆኗል። ታዲያ ልጅ ትምህርት ቤትም ካልሮጠ የት ይሩጥ? ክዳን የሌለው ማንሆልና የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጅ አስቀድሞ የማያውቀው አደጋ ነው። እሱን ማስወገድ የእኛ የአዋቂዎች ሥራ ነው። የቅርንጫፍን ከፍታ ግን ልጁ ራሱ ወጥቶ ይለየው፤ እኛ ከሥር እንቁም።

ጨቅላን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ለአጥንቱ እንደሚበጅ እናቶች ያውቃሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላም ብርሃኑ ያስፈልገዋል። ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉ ልጆች የሩቁን አጥርቶ ላለማየት ችግር የመጋለጥ ዕድላቸው ያነሰ እንደሆነ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ደግሞም መጫወት መብታቸው ነው። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ሰፍሯል።

ወላጆች፣ ስትመዘግቡ "ግቢውን አሳዩን" በሉ። የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ እባካችሁ ጥቂት ካሬ አፈር ሳትሸፍኑ ተዉ። ውድ ዥዋዥዌ ግዙ አልልም። የግንድ ቁራጭ፣ አሮጌ ጎማ፣ ገመድና አሸዋ ይበቃል፤ የቀረውን ልጆቹ ያውቁበታል። ተቆጣጣሪዎችም ክፍልና ወንበር ቆጥራችሁ ብቻ አትመለሱ። በእረፍት ሰዓት መጥታችሁ ግቢው ውስጥ ቁሙ።

እኔ በበኩሌ ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ውጭ እንዳስተምር እንዲፈቀድልኝ ጠይቄያለሁ። ከተፈቀደ፣ ያን ቀን ልጆቻችሁን አሮጌ ልብስ አልብሳችሁ ላኩልኝ።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት
ከአዲስ አበባ