ክረምቱ ሳይገባ ስለ ጄኔሬተርህ ነዳጅ

ወንድሜ፣

ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁና ይቅር በለኝ። አራት ኪሎ ላለው ቤታችሁ ጄኔሬተር መግዛትህን ከእህትህ ስሰማ፣ ሰኔ ሳይገባ ስለ ነዳጁ ልጻፍልህ አልኩ።

ነዳጅ ከመግዛትህ በፊት የጄኔሬተሩን ፍጆታ ለካ። ታንኩን ሞልተህ፣ ፍሪጁንና መብራቱን ብቻ ሰክተህ አንድ ሰዓት አሠራው። ከዚያ አጥፋውና ሲበርድ እንደ ነበረው እስኪሞላ ስንት ሊትር እንደጨመርክ እይ። 1.2 ሊትር ከሆነ፣ በቀን 3 ሰዓት ለ5 ቀን 18 ሊትር ነው፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ቤንዚን ግቢ ውስጥ አታከማች፤ ሰፈራችሁ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ እሳት ቢነሳ ለጎረቤትም ይተርፋል። የእንጀራ ምጣዱን ከሒሳቡ አውጣው። ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል።

ናፍጣ በብርድ ይረጋል ሲባል ሰምተህ ከሆነ፣ ለአዲስ አበባ ብርድ አያሰጋም። የእኛ ክረምት ችግሩ ውሃ ነው። ጀሪካን ሲጎድል ባዶው ቦታ እርጥብ አየር ይይዛል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጎኑ ላይ ያልብና ይወርዳል፣ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድም ከሥር ይተኛል። ናፍጣ ሲሆን ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ላይ ተሕዋስያን ይፈሉና እንደ አተላ ያለ ዝቃጭ ፊልትሮውን ይደፍናል። ስለዚህ ጀሪካኑን ሙላው፣ ግን ሲሞቅ የሚሰፋበት አንድ ሊትር ያህል ቦታ ተው። የክዳኑ ጎማ ያልተሰነጠቀ መሆኑን እይ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ አስቀምጠው። ስትቀዳ ሳትነቀንቅ ቀስ ብለህ አፍስስ፣ የመጨረሻውን ግማሽ ሊትር ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ አሳርፈህ እየው፤ ከሥሩ መስመር ከሠራ ውሃ ነው፣ ታንክ ውስጥ አይግባ።

ቢጫውን የዘይት ጀሪካን እባክህ ተው፤ ክዳኑ የቤንዚን ተን አያግድም። ለነዳጅ የተሠራውን ግዛ። ማደያ ስትሄድ በጀሪካን ይቀዱልህ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ሲቀዱልህም መኪና ውስጥ እንዳለ ሳይሆን መሬት ላይ አውርደው፣ አለዚያ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የቀዳህበትን ቀን ጻፍበት። ቤንዚን 3 ወር ሳይሞላው ተጠቀምበት፤ ሲቆይ ሙጫ ያበጅና የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይዘጋል። ጄኔሬተሩ የቤንዚን ከሆነና ለሳምንታት የማታስነሳው ከሆነ የነዳጁን ቧንቧ ዝጋና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠራው።

የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የቡና ከሰል ወይም እጣን ከሚጨስበት ማእድ ቤት አጠገብ አታስቀምጠው። ነዳጅ ስትጨምርም ሞተሩን አጥፍተህ 15 ደቂቃ ጠብቅ።

ከሁሉ የምሰጋው ግን ዝናብ ሲመጣ ጄኔሬተሩን በረንዳ ላይ እንዳታስገባው ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር አርቀህ፣ አራት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ብቻ ጣልበት፤ ጎኑን በሸራ አትጋርደው።

ቤንዚን ይሁን ናፍጣ፣ ስንት ኪሎዋት እንደሆነም ጻፍልኝ። ናፍጣ ከሆነ የፊልትሮውን ውሃ እንዴት እንደምታወጣ በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ።

ወዳጅህ