ሲሚንቶ አታምጡ፤ ጭድ፣ ኖራና ቆርቆሮ አምጡልን

ለጅማ ነዋሪዎች፣ በሩቅ ላላችሁ የጅማ ልጆችም፦

በጅሬን መንገድ ያለው፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ የሆነው የባላባት ቤት የምዕራብ ክንፉ ያፈሳል። ክትባትና የነፍሰ ጡሮች ክትትል የሚሰጠው በዚሁ ክንፍ ነው። ቤቱ እንደ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእንጨትና በጭቃ የቆመ ነው።

የጎዳው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ በላዩ የተለሰነው ሲሚንቶ ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይለቀዋል። ሲሚንቶ ሲለበስ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ወደ ማገሩ ይዞራል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም ልስኑ ከነጭቃው ይገነጠላል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት አገር ይህ ቶሎ ይደርሳል።

ሥራው ከጣሪያ ይጀምራል። 90 ካሬ ሜትር ለመክደን ባለ 2 ሜትር፣ 28 ጌጅ ቆርቆሮ 70 ያስፈልጋል፤ 32 ጌጁ ርካሽ ቢሆንም ሳስቶ ቶሎ ይበሳል። 20 ሜትር አሸንዳም አትርሱ። ያለ እሱ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲረጭ የግድግዳውን እግር ይበላዋል፤ አዲሱ ቆርቆሮም ከንቱ ይሆናል።

የበሰበሱት ቋሚዎች ሲለወጡ እግራቸው አፈር ሳይነካ በድንጋይ ላይ ያርፋል። ጽድ ያላችሁ ብትሰጡን እንመርጣለን፤ ባሕር ዛፍ ምስጥ አይችልም። ጭቃው ከ60 ጆንያ የጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየ3 ቀኑ እየተረገጠ ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆያል፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመርም። ማጠቃለያው 3 ጊዜ ስስ የኖራ ቅብ ነው፤ 3 ኩንታል ይበቃል። ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ብቻ መታጠብ ስላለበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ይገጠምለታል፤ እሱም ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ።

ሌላው ሁሉ ከመነካቱ በፊት የክትባት ፍሪጁ ከነስታቢላይዘሩ ወደ ምሥራቅ ክንፍ ይዛወራል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልጠበቀ መድኃኒቱ ይበላሻል።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም፤ ፈቃዱ ሳይደርስ አንድ ቆርቆሮ አይነሣም። ቡና ለቀማው ሲያልቅ ሠራተኛ ይገኛል፤ ስለዚህ ሥራው ጥርና የካቲት ላይ ነው። ዕቃው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይድረሰን። ገንዘብ የምትሰጡ በግለሰብ እጅ አትስጡ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። መራጊና አናጺ የሆናችሁ የቀን ሥራችሁን ብትለግሱ ከብሩ በላይ ነው። ጭዱ ደረቅ ይሁን፤ የሻገተ አንቀበልም።